ሁለቱ ቤልጅጎች

ከስድስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ናቲ መኪናውን አስነሥቶ ፒከሪንግተን ድረስ፣ ከምኖርበት ከልጄ ቤት መጥቶ ወሰደኝ። ናቲ የስንዱ ልጅ ነው። ስንዱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር እንገናኛለን፣ በበዓል ቤቷ ትጠራኛለች፣ ሚስቴ የሞተች ጊዜም ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታ ያስተዛዘነችኝ እሷ ናት። ልጁ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ፣ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። እኩዮቹ ገንዘባቸውን በጫማና በመኪና ሲጨርሱ እሱ የሚሰበስበው የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ነው። አራት አለው። በቤታቸው ምድር ቤት፣ ቁመቱ ሰው በሚያክል የብረት ሣጥን ቆልፎ ያስቀምጣቸዋል፤ በወር አንድ ጊዜ እያወጣ ዘይት ይቀባቸዋል። እናቱ አንድም ቀን ወርዳ አይታቸው አታውቅም። አሁን አምስተኛውን ሊገዛ ፈልጓል። ይኼኛው የኢትዮጵያ ነው ተብሎለታል፣ እውነት ይሁን ውሸት የሚለይለት ሽማግሌ አስፈለገው። «ጋሼ ታምሩ፣ ድሮ ጠመንጃ ፊክስ ታደርግ ነበር ብላኛለች ማሚ። ኢዝ ዛት ትሩ?» ብሎ ነበር በስልክ የጠየቀኝ።

«አደርግ ነበር» አልኩት። ከዚያ በላይ አላልኩም። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ስለኔ የሚያውቀው አዲስ አበባ በመሣሪያ ጥገና ክፍል ተቀጥሬ እንደነበር ብቻ ነው። ለጥቂት ወራት ሌላ ቦታ ተልኬ እንደሠራሁ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፣ ለሚስቴም ቢሆን።

የጠመንጃው ገበያ የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው። በር ላይ ከፍለን፣ እጃችን ላይ ማኅተም ተመትቶልን ገባን። አዳራሹ ሁሉ ጠረጴዛ ነው። የወታደር ካፖርት፣ የቆዳ ቀበቶ፣ የዛገ ሳንጃ፣ በፌስታል የታሸገ የደረቀ ሥጋ፣ የአያቱን ሜዳልያ የሚሸጥ፣ የሰው አያት ሜዳልያ የሚገዛ። እኔ ባደግሁበት አገር ጠመንጃ ከሚስት እኩል የሚጠበቅ ነገር ነበር። እዚህ እንደ ሽንኩርት በመደብ ተደርድሮ፣ ዋጋው በወረቀት ተለጥፎበት፣ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳይቀር እያነሣ ያስቀምጠዋል። ማንም የሚገረም የለም። እኔም ባልገረም ደስ ባለኝ፣ ግን የሽማግሌ ነገር ሆነና ገና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ናቲ «ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። «ጉልበቴ ነው» አልኩት። ጉልበቴ በዚህ ዕድሜው ብዙ ውሸት ተሸክሞልኛል።

ሻጩ ዕድሜው እኔን የሚያክል፣ ሱሪውን በትከሻው ማንጠልጠያ የያዘ ነጭ ሽማግሌ ነበር። ናቲን ያውቀዋል። ከጠረጴዛው ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ገለጥ አደረገው። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የደረቀ ግሪስ፣ ዘይት የጠጣ አሮጌ እንጨት፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የላምባ ሽታ። ምናልባት ላምባው አልነበረም፣ አፍንጫዬ ጨምሮት ይሆናል። ብቻ አዳራሹም፣ ናቲም፣ ሻጩም ከፊቴ ጠፉና ሃያ ሁለት ዓመቴ ሆኖ ቁጭ አለ።

ያኔ መንግሥት ከየገጠሩ ሰው የጦር መሣሪያ የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። ከጥገና ክፍል ወጣት ወጣቱን እየመረጡ፣ የተሰበሰበውን እንዲያጸዳ በየወረዳው በተኑን። ለኔ የደረሰችኝ ከደሴ ወዲህ ያለች አንዲት የገበያ ከተማ ናት፣ ስሟን ተዉት። አንድ መንገድ ብቻ ነበራት። በመንገዱ ራስ ትምህርት ቤቱ፣ በእግሩ ወፍጮ ቤቱ፣ መኻል ላይ ስልክ ቤቱ። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥራ አምስት፣ አልጋ በአንድ ብር ከሃምሳ፤ እሱም ቁንጫው ሳይታሰብ። ስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ማዕዘን፣ በረንዳው ላይ፣ ሰዒድ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያ አገር ቤልቦተም መቁረጥ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰፊ ከጉልበት በታች ሲያሰፋው ከረጢት ያደርገዋል፤ ሰዒድ ግን ጭን ላይ ጥብቅ፣ ከጉልበት ጀምሮ ቀስ እያለ ዘርጋ፣ ጫማን ሸፍኖ መሬት ሊነካ ሲል ቀጥ። ጨርቁ ዘጠኝ ብር፣ ስፌቱ ሦስት። ቡናማ ቴትሮን መረጥኩና የወር ደመወዜን ሩብ አፈሰስኩበት። ሚዶ በኋላ ኪሴ፣ አፍሮዬ ራሴን የሚያክል። ከማዕዘኑ ወዲያ ያለው መጠጥ ቤት ከሰዓት በኋላ ሸክላ ይከፍታል፤ ሳክስፎኑ ሲጀምር ሰዒድ ሳይቀር የስፌት መኪናውን ፔዳል በሙዚቃው ልክ ይረግጣል። ስልክ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ደግሞ መስኮቷን ትከፍታለች። ያ መስኮት ሲከፈት ያየ ሰው የምናገረውን ያውቃል።

ይኼን ሁሉ የምዘረዝረው ስለሚናፍቀኝ እንዳይመስላችሁ። ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም፤ ግን ሱሪው ከነገሩ ውስጥ ስላለበት ነው።

«ጋሼ?» አለኝ ናቲ። ጠመንጃውን አነሣሁት። ክብደቱን እጄ አልረሳውም ነበር። «ቤልጅግ ናት» አልኩት። መኻል ላይ፣ ጥይት ከሚጎርስበት በላይ፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀርጿል፤ ከጎኑ የቤልጅግ ፋብሪካው ጽሑፍ በፈረንሳይኛ። በአፈሙዙ አጠገብ እዚህ አገር ያስገባት ነጋዴ የመታባት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። «ይኼ በኋላ የመጣ ነው፣ አይቆጠርባት» አልኩት። አንገቷ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። «ይኼን ያደረገው ባለቤቱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን እንጨቱን ይለውጠዋል እንጂ ሽቦ አይጠመጥምም።» ሰደፏ ላይ በቢላዋ የተቆረጠች መስቀል ነበረች። «ይኼስ?» አለኝ። «ይኼ ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ስሙን የጻፈበት ነው።» ናቲ ስልኩን አውጥቶ እያንዳንዱን ፎቶ አነሣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ለሻጩ በእንግሊዝኛ ይተረጉምለታል፣ ሽማግሌውም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ለአፍታ እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እጅ ያወቀውን ሥራ ሲሠራ ሰውየው ማን እንደሆነ ይረሳል።

ከዚያ ቁጥሩን አየሁ። የአካሏ ቁጥር ሌላ፣ የማቀባበያዋ ቁጥር ሌላ። ማቀባበያ የምንለው ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት የሚገፋውን ብረት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ እሱ ከሌለ ጠመንጃ ዱላ ማለት ነው። ፋብሪካው ሁለቱንም አንድ ቁጥር መትቶ ነው የሚሸጣቸው። ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ አንድ ነገር ተናገረ። ናቲ ተረጎመልኝ፤ «ቦልቱ ማች አያደርግም፣ ለዚህ ነው ቺፕ የሆነው። ማች ቢያደርግ ሰባት መቶ ነበር፣ በአምስት ይሰጠኛል። ከኢትዮጵያ የሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው ይላል።» እኔ ግን ያን ጊዜ የማነበው መጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች ነበር። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው አንድ ቁጥር አለኝ፤ እሱ አልነበረም። እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴም አፈርኩ።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ማች የማያደርጉት?»

«ሲጸዱ ይቀያየራሉ።»

«ሶ፣ ሰምባዲ ዋዝ ጀስት ሌዚ» አለና ሳቀ። ገንዘቡን ለሽማግሌው ቆጥሮ ሰጠ፣ የሚሞላውን ፎርም ለመሙላት ጎንበስ አለ። እኔ ጠመንጃዋን ታቅፌ ቆሜያለሁ። «አዎ፣ ሰነፍ ነበር» አልኩት፤ አልሰማኝም።

በዚያች የገበያ ከተማም ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰዒድ «በአሥራ አንድ ሰዓት እዘጋለሁ፣ ሱሪህን ካልወሰድክ እስከ ማክሰኞ የለሁም፣ ለሠርግ መሄዴ ነው» ብሎኛል። ማታ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የወጣቶች ጭፈራ አለ፤ የስልክ ቤቷ ልጅ ትመጣለች። በዚያን ቀን የተረከብናቸው መሣሪያዎች አሥራ ሁለት ናቸው። ምንሽር አለ፣ ውጅግራ አለ፣ የአያት ጓንዴ አለ። ቤልጅግ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይመር የሚባል ገበሬ ያመጣው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጋቢውን በወጉ የተከናነበ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ለኔ ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ፣ ሕፃን እንደሚያስታቅፍ። ሁለተኛ ቤልጅግ ደግሞ የቀበሌው ጥበቃ ይዞ መጣ፤ የሚያስረክበው አይደለም፣ የራሱ የሥራ መሣሪያ ነው፤ «እግረ መንገድህን ጥረግልኝ፣ ማታ ወደ ቆላ ለግዳጅ እወርዳለሁ» ብሎኝ ነው። ሥራው ሕግ አለው። አንዷን ፈትተህ፣ ማቀባበያዋን በላምባ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ መልሰህ ገጥመህ፣ ከዚያ ነው ሌላዋን የምታነሣው። የጥገና ክፍሉ ሽማግሌ አለቃችን «ማቀባበያና ባለቤቱን አትለያይ፣ ባልና ሚስት ናቸው» እያለ ነው ያስተማረን። አሥር ሰዓት ሲሆን ገና አምስቱን ብቻ ጨርሼ ነበር። የቀሩትን ሁሉንም ማቀባበያ አወጣሁና በግማሽ በርሜሉ ላምባ ውስጥ አንድ ላይ ጨመርኳቸው። የቀሩት ዓይነታቸው የተለያየ ነው፤ ምንሽር ከቤልጅግ አይገጥምም፣ ውጅግራም ከማንም አይገጥምም፤ ስለዚህ የትኛው የማን እንደሆነ መልኩ ይነግረኛል ብዬ ነው። የረሳሁት ሁለት ቤልጅግ መኖሩን ነበር። እጄ ቀድሞ ያገኘውን በአንደኛዋ፣ የቀረውን በሌላኛዋ ገጠምኩ። ቀጭ ብለው ገቡ። ቁጥር አላየሁም። ሱሪውን ልወስድ ሮጥኩ።

ሱሪው እንደተመኘሁት ነበር። ልጅቷም መጥታለች፣ ሁለት ጊዜ ከኔ ጋር ጨፍራለች። ያን ማታ የነበረኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም፤ ይኼን ስናገርም ራሴን እጠላዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከአውራጃው አንድ መቶ አለቃ ደረሰ። ወጣት፣ ንጹሕ፣ ኮሌታው የተተኮሰ፣ መሣሪያ አዋቂ ነኝ ባይ። እያንዳንዱን እያነሣ ቁጥር ከመዝገብ ያመሳክራል። ከይመር ቤልጅግ ላይ ሲደርስ ማቀባበያዋን ስቦ አወጣትና ቁጥሯን ደግሞ አነበበ። ከዚያ ይመርን አስጠራው። «ይኼ ማቀባበያ የሌላ ቤልጅግ ነው። የዚህኛው ማቀባበያ የት አለ? የዚያኛውስ አካል? ቤትህ ሁለት ጠመንጃ አለ ማለት ነው። ቀያይረህ አሮጌውን አምጥተህ ደህናውን ቀብረሃል» አለው። ይመር የሚባለው አልገባውም። «ጌታዬ፣ ያለኝ አንድ ነው፣ አምጥቻለሁ» ብቻ ይላል። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ጨርቅ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ገብቶኛል። ያን ጊዜውኑ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ሁሉም ነገር ነው የገባኝ። የጥበቃው ጠመንጃ ቆላ ወርዷል፣ የይመር ማቀባበያ ከሱ ጋር ነው። መቶ አለቃው ወደኔ ዞረ። «አንተ ነህ የፈታኸው? እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው?»

በዚያ ዘመን የመንግሥት መሣሪያ ያበላሸ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሻጥረኛ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር የለም። «አዎ ጓድ መቶ አለቃ፣ እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው» አልኩ።

ሦስት ቀን በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አሰሩት። የማጸዳው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጎን ባለው ዳስ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ምን እንደተደረገ አልሰማሁም ማለት አልችልም። በየቀኑ ልናገር ተነሥቼ በየቀኑ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ነገ ይመለሳል፣ ሲመለስ ራሱ ነገሩ ይወጣል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቤተ ሰቡ ሬሳውን ውሰዱ ተባሉ። ጥበቃው በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። መሣሪያውን ልጥረግልህ ብዬ ተቀብዬ የማቀባበያውን ቁጥር አየሁ፤ የይመር ነበር፣ መጨረሻው አራት መቶ አሥራ ስምንት። ለጥበቃው መልሼ ሰጠሁት። ከመሥሪያ ቤቴ ዝውውር ጠይቄ ከዚያች ከተማ ወጣሁ። ሱሪውን ለሆቴሉ አሽከር ሰጠሁት፤ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ቤልቦተም ሲያገኝ እጄን ሊስመኝ ነበር።

ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ። ኮሎምበስ ስገባ ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል ገና አዲስ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ልብስ አጥቤያለሁ። ሰው ጥሩ ሰው ይለኛል። ለታመመ እጸልያለሁ፣ ለተጣላ እሸመግላለሁ፣ አዲስ ለመጣ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ስንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በመጣች በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ እሑድ ምስክርነት ልትሰጥ ወጣች። እኔ እንደ ልማዴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። የተወለደችበትን ከተማ ስም ስትጠራ ጆሮዬ ቆመ። ከዚያ የአባቷን ስም ጠራች፤ ይመር። «አባቴ ሁለተኛ ጠመንጃ ደብቆ ነበር። ሦስት ቀን አውጣ ሲሉት አላወጣም። ለአንድ ብረት ብሎ ስድስት ልጅ በትኗል፤ እናቴ በሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ ሆና ነው የሞተችው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ረድቶኝ ይቅር ብዬዋለሁ!» አለች። ምእመኑ ተነሥቶ ሃሌ ሉያ አለ፣ እልልታው ጣራውን አናወጠው። እኔም ተነሣሁ። ምን ላድርግ? ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ ልቀመጥ? አጨበጨብኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ብትወጣ ያ ሰው በልጁ ፊት ነጻ ይወጣ ነበር። ምንም ያላጠፋ ሰው ይቅር ሲባል ቆሜ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አሥራ ሁለት ዓመታት፣ እሷ በፌስታል ምግብ ቋጥራ «ጋሼ፣ ቀን ቀን ለብቻህ ምን ትበላለህ ብዬ ነው» ባለችኝ ቁጥር፣ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ያለፉ ናቸው።

እንግዲህ የዚያን ቅዳሜ ከናቲ ጋር ከጠመንጃው ገበያ ወጥተን ዌስተርቪል ወዳለው ቤታቸው ስንሄድ በመኪናው ውስጥ ቆረጥኩ። ናቲ የፈለገውን ዘፈን ከፍቶ መሪውን በጣቱ ይመታል። ጠመንጃዋ የኋላው ወንበር ላይ ብርድ ልብሷን ለብሳ ተኝታለች። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልቤ ሐኪም በከተተልኝ ሁለት ቧንቧ ነው የሚሠራው፣ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ? አባቷን እመልስላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ልትጠላኝ ትችላለች፣ ትጥላኝ፤ ቢያንስ ሰውየውን ትወደዋለች። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ስንዱ ከምትሠራበት የሽማግሌዎች መጦሪያ፣ ከጠዋት ፈረቃዋ ገና መግባቷ ነበር። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ድንች ትልጣለች። ናቲ ጠመንጃዋን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ፊቷ ተለወጠ።

«አንሣልኝ ከዚህ! ሰው የሚበላበት ነው!»

«ማሚ፣ ኢትስ ሂስትሪ! ጋሼ እኮ ሁሉንም ኤክስፕሌይን አደረገልኝ...»

«የኔን ሂስትሪ እኔ አውቀዋለሁ። ውሰድልኝ።»

ናቲ በእንግሊዝኛ እያጉረመረመ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ስንዱ ወንበር ሳበችልኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አባቴን የበላው እንዲህ ያለው ስለሆነ ነው። ቤልጅግ። ስቀበር እንኳ የሚወጣልኝ አይመስለኝም። ወንድሞቼ አሉ አይደል አገር ቤት፣ እስካሁን ያን ጠመንጃ ፍለጋ የአባታችንን ግቢ ያስቆፍራሉ። አምና ታላቅየው ገንዘብ ላኪልኝ አለኝ፤ ለምን ስለው፣ የጓሮውን ግንብ ሥር ሊያስቆፍር። ቢያገኘው ሊሰባብረው ነው። ብቻ ንዴቱ አልወጣለትም።»

«ስንዱ፣ ቢላዋውን አስቀምጪው» አልኳት። አስቀመጠችው። የሞት መርዶ የመጣ መስሏት «ምነው? ማን ነው?» አለች።

ነገርኳት። ከተማይቱን፣ ግማሽ በርሜሉን፣ የጥበቃውን ጠመንጃ፣ የመቶ አለቃውን ጥያቄና የኔን መልስ። ሱሪውንም አልደበቅኩም። አቀርቅሬ ነው የነገርኳት፣ ድንቹን እያየሁ። «አባትሽ ሁለተኛ ጠመንጃ አልነበረውም። ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ነው የነገራቸው። ያስገደልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጨረስኩ። ዱላም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«አለው» አለች።

«አልነበረውም፣ ስንዱ። ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አለው እንጂ ጋሼ! የሆነ ቦታማ አለ!» ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እጇ እንደ ረጠበ ጭኗ ላይ ወደቀ። ስትናገር እኔን እያየች አልነበረም።

«በሁለተኛው ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መቶ አለቃው ብስኩት ሰጠኝ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። አባትሽን የምንመታው እሱ ስለማይነግረን ነው፤ አንቺ ከነገርሽን አሁኑኑ ይዘሽው ወደ ቤት ትሄጃለሽ አለኝ። እኔ ሌላ ጠመንጃ አይቼ አላውቅም። ግን አለ አልኩት። ጎተራው ሥር ነው አልኩት። ጎተራችንን ገልብጠው ቆፈሩ፣ አጡት። ተመልሰው መጥተው፣ ልጅህ እንኳ አለ ብላናለች፣ ወዴት አዛወርከው አሉት። ከዚያ በኋላ ነው...» አልጨረሰችውም። «ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጌታም በጓዳ ነው የተናገርኩት። ግን ሁልጊዜ ለራሴ እላለሁ፣ ጎተራው ሥር አይሁን እንጂ የሆነ ቦታማ አለ፤ አልዋሸሁም፣ ቦታውን ነው የሳትኩት። እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ጋሼ።»

ከድንቹ ላይ ዓይኔን አንሥቼ አየኋት።

«አሁን እንግዲህ ዋሽቻለሁ ማለት ነው» አለች።

«ልጅ ነበርሽ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ብቻ ነው።»

«አንተ ልጅ አልነበርክም» አለች። ንዴት አልነበረበትም፣ ልክ ቁጥር እንደሚያርም ሰው ነው ያለችው። አባቷን ልመልስላት መጥቼ የመጨረሻ መደገፊያዋን ነው የነቀልኩባት። ሸክሜን አወርዳለሁ ብዬ እሷ ላይ ጫንኩት፤ በሽምግልናዬም ያው የቅዳሜው ችኩል ሰው ነኝ።

ከምድር ቤት ናቲ ሣጥኑን ሲዘጋ ተሰማ። ስንዱ ፊቷን በክንዷ ጠረገች፣ ተነሥታ ቢላዋውን አነሣችና ድንቹን መላጥ ቀጠለች።

«ለወንድሞቼ እንዳትነግራቸው» አለችኝ ዝግ ብላ።

«ስንዱ፣ እነሱ እኮ እስካሁን ይጠሉታል። እስካሁን ይቆፍራሉ።»

«ይቆፍሩ። እነሱ እስከቆፈሩ ድረስ አለ ማለት ነው።»

የልጁ እግር ደረጃውን መውጣት ጀምሯል። ዓይኗን ከድንቹ ላይ አላነሣችም፤ መልሴን ግን ትጠብቃለች።

«እሺ» አልኳት።